ሦስት መብራት፣ አንድ በሽታ

ቸርችል ጎዳና ላይ የገጠመኝን የሰማችሁ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁልኛል፤ አመሰግናለሁ። ደኅና ነኝ፣ መኪናዋም ደኅና ናት። ለእያንዳንዱ ሰው ከምተርክ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት ብዬ ነው። የታሪክ አስተማሪ መቼም ነገር የሚጀምረው ከሩቅ ነው፤ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ታገሡኝ።

ፒካፗን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ፣ በፈረንጆቹ 1996 የተሠራች፣ 3ኤል የሚባለው የ2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያላት። ከእናንተም ስንቱ ከኋላዋ ተጭኖ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥቷል (ትራፊክ ፖሊስ እንዳይሰማን)። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም። የሚያማትን የምትናገረው ክሩስኮቷ ላይ ባሉት ጥቂት መብራቶች፣ በድምፅዋና በሽታዋ ብቻ ነው።

ከሁለት ወር በፊት ሦስት መብራቶች መብራት ጀመሩ፦ የባትሪው ምልክት፣ የፍሬኑ ምልክትና የናፍጣ ማጣሪያው ምልክት። ደምቀው አይደለም፤ አመድ እንደለበሰ ፍም ፈዘዝ ብለው። ማታ የፊት መብራት ሳበራ ይብስባቸዋል፣ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ይጠፋሉ። ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ ዝናብ ያደረ ቀን፣ ስትነሣ ጅራቷን እንደረገጧት ድመት ትጮሃለች፤ ከዚያ ዝም።

እኔ ምን አደረግሁ? መብራቱ ያለኝን አመንኩ። የፍሬን ምልክት ነው ብዬ የፍሬን ዘይት አስሞላሁ፣ ሸራ አስቀየርኩ። የማጣሪያ ምልክት ነው ብዬ ማጣሪያ ገዛሁ። የባትሪ ምልክት ነው ብዬ ባትሪ ገዛሁ፤ ዘንድሮ ባትሪ ስንት እንደሆነ የገዛ ያውቀዋል። ሦስቱም እንዳሉ አሉ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ደግሞ የባሰ ነው፤ ለመድኳቸው። ሰው ሁልጊዜ የሚጮህ ጎረቤቱን እንደሚለምደው።

የዚያን ቀን ከፒያሳ ተነሥቼ ማዘጋጃ ቤቱን ወደ ኋላ ትቼ ቸርችልን ቁልቁል እወርዳለሁ። ከኋላ ወንበር የእህቴ ሁለት ልጆች አሉ። ከሞተሩ በኩል «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሦስቱ መብራቶች ቦግ ብለው በሩ። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ፍሬን ረገጥኩ፣ ያዘልኝ። ሁለተኛ ስረግጥ ከበደኝ። ሦስተኛው ላይ ግድግዳ የምረግጥ መሰለኝ። ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለስኩ፣ የእጅ ፍሬን ቀስ በቀስ ሳብኩ፣ ፔዳሉ ላይ በሁለት እግሬ ቆምኩ ማለት ይቻላል። ቴዎድሮስ አደባባይ ሳንደርስ፣ ከፊቴ ከነበረው ሚኒባስ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆመች። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን እጄ መሪው ላይ እየተንቀጠቀጠ ትንሽ ቆየሁ።

በማግስቱ አስጎትቼ አንድ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ኮፈኑን አልከፈተም፤ ገና ቁጭ ሳልል ጥያቄ ጀመረ።

«ቲቸር፣ መብራቶቹ አብረው ነው የሚበሩት ወይስ ተራ በተራ?»

«አብረው።»

«የሚጠፉትስ?»

«አብረው።»

ፈገግ አለ። እሱ ፈገግ እንዳለ ላቁመውና እናንተን ወደ አራዳ ልውሰዳችሁ፤ ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ማወቅ ደስ ይላል።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ፣ በረሃውንና ገደሉን አሳልፎ ለዐፄ ምኒልክ አደረሰ። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1909 ስለሆነ መኪናዋ መንገድ በሌለበት አገር በራሷ ጎማ ነው የመጣችው። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ አመጣ። ከሁለቱም በፊት ደግሞ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ ማሽን ነበር፤ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው።

የዚያን ዘመን መኪና መብራት አልነበረውም፤ የማስጠንቀቂያ መብራት ማለቴ ነው። ፈረንጆቹ ዳሽቦርድ የሚሉት ቃል ራሱ ከፈረስ ጋሪ የመጣ ነው፤ የፈረሱ ኮቴ የሚረጨው ጭቃ ነጂው ላይ እንዳይደርስ ከፊት የሚቆም ሳንቃ ነበር። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይም ከሳንቃነት ብዙ አልራቀም። በብዙዎቹ ላይ ዘይት ወደ ሞተሩ መውረዱን የሚያሳይ ትንሽ ብርጭቆ ነበረ፤ ነጂው ጠብታውን ያያል፣ ጠብታው ከቆመ ይቆማል። ውሃው መፍላቱን የሚያውቀው እንፋሎት ፊቱ ላይ ሲመጣበት ነው። ነጂና መካኒክ ማለት አንድ ሰው ነበር። ሠራተኛ ሰፈር የሰፈሩት የምኒልክ የእጅ ባለሙያዎች ብረት የሚመረምሩት በጆሮ ነበር፤ መታ አድርጎ ሰምቶ መሰንጠቁን የሚያውቅ ሰው መኪና ሲያይ ብዙ የሚደነግጥ አይመስለኝም።

ከዚያ መለኪያ መጣ። መጀመሪያ ራዲያተሩ ክዳን ላይ የሚቆም የሙቀት መለኪያ፣ ቀጥሎ ክሩስኮቱ ላይ የዘይት ግፊት፣ የኤሌክትሪክና የነዳጅ መርፌዎች። መርፌ ጥሩ ነገር አለው፦ ከመታመም በፊት ያለውን መዳከም ያሳያል። ትናንት እዚህ ነበር፣ ዛሬ ዝቅ ብሏል ትላላችሁ። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ሃድሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የዘይቱንና የኤሌክትሪኩን መርፌ አንሥቶ በምትኩ ቀይ መብራት ተከለ። ርካሽ ነው፣ ማንም ያየዋል፣ ማንበብ አያስፈልገውም። ሌሎቹም ተከተሉት። አሜሪካኖቹ ራሳቸው «የጅል መብራት» ብለው ሰደቡት፤ ችግሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚናገረው ብለው። ስድቡ ትንሽ በዝቷል ባይ ነኝ፤ መርፌ ያለው ሁሉ መርፌውን አያይም። ግን እውነት አለበት።

አሁን ወደ ፒያሳ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 አዲስ አበባን ሲይዝ የአራዳን ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረው፣ ለአራዳም ዛሬ የምንጠራበትን ስም ተወለት። ሌላም የተወው ነገር አለ፤ እሱን ለማየት ኮፈን መክፈት ነው። ኮፈን ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ቡሎን፣ ጋቢና፤ ክሩስኮትም እንዲሁ። ናፍጣም ከዚያው ነው። የወረራው ጊዜ ዋና ተሸካሚ የነበረው ፊያት 634 የሚባል ከባድ መኪና ነው፤ የእኛ ሰው «ትሬንታ ኳትሮ» ይለው የነበረው፣ ሠላሳ አራት ማለት። ሙሉ ስሙ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤን» የምትል ፊደል ነበረችው፤ ናፍጣ ለማለት ነው። አንድ ፊደል ስንት አገር ዞራ የእኛ ማደያ ላይ ቃል ሆና ቀረች።

ከድሉ በኋላ እንግሊዞቹ ጣሊያኖቹን ጠቅልለው ከአገር ማስወጣት ፈልገው ነበር፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግን ባለሙያዎቹ እንዲቀሩ ፈለጉ። ከቀሩትም ብዙዎቹ መካኒክ፣ ግንበኛና አናጢ ነበሩ። ጋራዥ ከፈቱ፣ የእኛን ልጆች ቁልፍ አቀባይ አድርገው ያዙ። ቁልፍ አቀባዩ ቃሉን ከነዕቃው ወረሰ። የእኔ ተማሪ ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ በልጅነታቸው ፒያሳ አካባቢ ለአንድ ጣሊያን ቁልፍ ያቀብሉ የነበሩ ናቸው። አብረው ነው ወይስ ተራ በተራ የሚለው ጥያቄ የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከጣሊያኑ ሰምተውታል።

ስለ ቃል ከተነሣ አንዲት ነገር ልጨምር። ጣሊያኖች ክሩስኮት ላይ የሚበራውን መብራት «ስፒያ» ይሉታል። ሰላይ ማለት ነው፤ ያው አገር የሚሰልለው ሰላይ። እንዴት ያለ ስም ነው! ሰላይ ያየውን ይነግርሃል፣ ያላየውን አይነግርህም፤ አንዳንዴም ሌላው ሰላይ የነገረውን ደግሞ ይነግርሃል። የዚያን ዘመን አራዳ የኖረ ሰው ይህን ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም።

ቀጥሎ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ ታክሲዎች፣ ማለትም ፊያት 600፤ የዘይቱም የዲናሞውም ነገር በመብራት ብቻ ነበር። ከዚያ ፒካፕ ተቀጥሎ «ውይይት» ሆነ፤ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተገጥሞ ተሳፋሪ ለተሳፋሪ የሚተያይበት። የእነዚያ ታክሲዎች ሾፌሮች ግማሹ መብራት የማይበራ ክሩስኮት ይዘው ከጊዮርጊስ ወደ ለገሃር ሲመላለሱ ይውሉ ነበር። በጆሮ ነበር የሚነዱት። አንዱ ሾፌር ተሳፋሪውን «እስኪ ጨዋታችሁን ቀነስ አድርጉልኝ፣ ሞተሩን ልስማው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ውይይት ላይ ውይይት ሲከለከል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተማሪዬን ፈገግ እንዳለ ትቼው ነበር። ኮፈኑን ከፈተና ጠራኝ።

«ይዩ ቲቸር፣ እዚህ ጋ ሁለት ቺንጋ መኖር ነበረበት። አንድም የለም።»

ጣሊያኑ «ቺንጊያ» የሚለው ነው፤ ሞተሩ ከፊት ዲናሞውንና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ። በእኔ ሞተር ላይ ጥንድ ሆነው ነው የሚሠሩት። አንዱ ከወራት በፊት ተበጥሶ ወድቋል። የቀረው ብቻውን ሸክሙን መሸከም አቅቶት ይንሸራተት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የምትጮኸዋ ድመት እሱ ናት። ሲንሸራተት ዲናሞው በደንብ አይዞርም፤ የፊት መብራት ሲበራ ሸክሙ ይጨምራል፣ ምልክቶቹም ይብስባቸዋል። ቸርችል ላይ «ጧ» ያለው እሱም ሲበጠስ ነው።

የባትሪው መብራት ገባኝ። ፍሬኑና ማጣሪያው ምን አገባቸው? እዚህ ላይ ነው ገንዘቤን የበላው። በእንደዚህ ዓይነቶቹ ሃይሉክሶች ላይ ቁልፍ ስታዞሩ፣ ሞተር ሳይነሣ፣ መብራቶቹ አምፖላቸው መሥራቱን ለማሳየት ይበራሉ። ለዚያ ሙከራ የፍሬኑና የማጣሪያው መብራት ኔጌቲቭ የሚያገኙት ከባትሪው መብራት ጋር ተጣምረው በዲናሞው በኩል ነው። ሞተር ተነሥቶ ዲናሞው ማመንጨት ሲጀምር ያ መንገድ ይዘጋል፣ ሦስቱም ይጠፋሉ። ዲናሞው ሲደክም መንገዱ መልሶ ይከፈታል፣ ሦስቱም ይበራሉ። ማጣሪያው ውሃ አልያዘም፣ የፍሬኑ ዘይት አልጎደለም። ሁለቱ መብራቶች የሦስተኛውን ወሬ እየደገሙ ነበር። ለዚህ ነው «አብረው ወይስ ተራ በተራ» ያለው። የፍሬኑ ብቻውን ቢበራ ኖሮ የእጅ ፍሬኑን፣ ዘይቱንና ሸራውን ያይ ነበር። አብረው ከበሩና አብረው ከጠፉ መጀመሪያ ዲናሞና ቺንጋ።

«ታዲያ ፍሬኑ ለምን ደረቀ?» አልኩት። «መብራቱ ዝም ብሎ ወሬ የሚደግም ከሆነ ፍሬኑ እውነት እምቢ ያለኝ ለምንድን ነው?»

ከዲናሞው ጀርባ የተለጠፈች ትንሽ ነገር አሳየኝ። አየር የምትስብ ፓምፕ ናት። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በራሱ ባዶነት ይፈጥራል፣ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ በዚያ ይሠራል። የናፍጣ ሞተር ያን አይፈጥርም፤ ስለዚህ ቶዮታ ፓምፗን ዲናሞው ላይ አስቀመጣት። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞው ቆመ፣ ዲናሞው ሲቆም ፓምፗ ቆመች፣ ሰርቮው ውስጥ የተረፈው አንድ ሁለት ጊዜ አስረገጠኝና አለቀ። ፍሬኑ አልተበላሸም፤ ረዳቱ ነው የጠፋው፤ ያለ ረዳት በሁለት እግር የሚረገጥ ነው። የውሃው ፓምፕም አብሮ ቆሟል። ቁልቁለቱ አጭር ሆኖ ነው እንጂ «ባትሪ ብቻ ነው፣ ቤት እደርሳለሁ» ብዬ ብቀጥል ሞተሩንም አፍልቼ ቴስታውን አጣምመው ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ክሩስኮቴ ላይ የፍሬን መብራት ነበረ፣ ፍሬኑም አደጋ ላይ ነበረ። መብራቱ ግን የበራው በዚያ ምክንያት አይደለም። ትክክለኛውን ቃል በተሳሳተ ምክንያት የሚናገር ምስክር በታሪክም ገጥሞኛል፤ እንደዚህ ያስፈራኝ ግን የለም።

ተማሪዬ እጁን እየጠረገ ያለኝን ልንገራችሁ። «ቲቸር፣ ወልወል ሰበብ ነው እንጂ ምክንያት አይደለም ብለው ዘጠነኛ ክፍል አልነበር ያስተማሩን?» አለኝ። አዎ፣ ብዬ ነበር። በ1927 ኅዳር ወልወል ላይ ተኩስ ባይነሣ ጣሊያን ይቀር ነበር ወይ ብዬ ፈተና ላይ አወጣ ነበር፤ የዓድዋን ቂም፣ የቅኝ ግዛት ምኞቱን፣ የመንግሥታቱን ማኅበር ድክመት ያልጻፈ ሙሉ ነጥብ አያገኝም። ልጁ ያኔ ከአሥር አራት ነው የሰጠሁት። አሁን የሸራና የባትሪ ደረሰኜን እያየ ከአሥር ስንት እንደሰጠኝ አልጠየቅሁትም።

ያን ቀን የነገረኝ ሌላም ነገር አለ፤ አሮጌ ፒካፕ ላላችሁ ይጠቅማል። ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ ሞተር ሳታስነሡ ክሩስኮቱን እዩት። በዚያች ቅጽበት መብራት ያለበት ሁሉ መብራት አለበት። የማይበራ ካለ ከሚበራው የበለጠ ያስፈራል፦ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ሊሸጥላችሁ የፈለገ ሰው ነቅሎታል። ቮልት መለኪያ ካላችሁ ባትሪው ላይ አድርጉት፤ ሞተር ሳይነሣ 12.6 አካባቢ፣ ሲነሣ ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ዲናሞው ጤነኛ ነው። እኔ ባትሪ ከመግዛቴ በፊት ይቺን ባደርግ ኖሮ!

የዘይት መብራት ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ብዙ ሰው «ዘይት ጎደለ» የሚል መብራት ይመስለዋል። አይደለም፤ የሚናገረው ስለ ግፊት ነው። ዘይቱ ሞልቶ ፓምፑ ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ኩሽኔታው ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ መብራቱን የምታዘው ትንሿ ቡሎን ራሷ ተበላሽታ ሊሆን ይችላል። የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ግን ሞተር ጠፍቶ ነው። እየነዱ የሚመረመር መብራት አይደለም።

ተማሪዬ ድሮ ዶሮ ማነቂያ አጠገብ ነበር የሚሠራው። በ2016 ያ ሰፈር ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። እሱን ለማግኘት አሁን አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬደኛል፤ ድሮ ማኪያቶዬን ጨርሼ በእግሬ ነበር የምሄደው። የፈረሰው ቤት ያረጀ ነበር፣ ይህን አልክድም። ግን በአንድ ግቢ ውስጥ የሞተር፣ የኤሌክትሪክ፣ የባሌስትራና የራዲያተር ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ይሠሩ ነበር፤ አንዱ ያልገባውን ሌላው አጥር ተሻግሮ ይነግረዋል። አሁን እያንዳንዳቸው የት የት እንዳሉ እሱ ራሱ በስልክ ነው የሚያፈላልጋቸው።

አዲሱ ጋራዡ ውስጥ ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ገዝቷል። የእኔዋ በተሠራችበት በዚያው በ1996 አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ በአንድ ዓይነት መሰኪያ ብልሽታቸውን እንዲናገሩ ግዴታ ሆነ። መሣሪያው ጥሩ ነው ይላል፤ ግን ስክሪኑ ላይ የአንድ ሴንሰር ስም ስላዩ ብቻ ሴንሰሩን ገዝተው የሚመጡ ደንበኞች በሽ ናቸው። ሴንሰሩ ደግሞ ያየውን ነው የተናገረው። ስፒያ! በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ቺንጋም ናፍጣም የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ፒያሳን ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ። የእነሱን ቃላት ከየትኛው ቋንቋ እንደምንወርስ እያየሁ ነው፤ ወጣቶቹ መካኒኮች ከወዲሁ በስልካቸው ቻይንኛ ያስተረጉማሉ።

ሁለት ቺንጋ ገጠመልኝ። የእጁን እምቢ አለ፤ በግድ ኪሱ ከተትኩለት። አዲሱ ባትሪ እንግዲህ ለብዙ ዓመት ያገለግለኛል።

ትናንት ከጊዮርጊስ ስመለስ ሌላ መብራት በራ፤ «ቲ-ቤልት» የሚለው። ደውዬ ስነግረው «እሱ እንኳ ሕመም አይደለም ቲቸር፣ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ በየመቶ ሺው የሚበራ ነው፤ የውስጡ ቺንጋ ይቀየር እያለዎት ነው» አለኝ። «ታዲያ ልተወው?» ስለው ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። እሑድ ጠዋት እወስዳታለሁ።